የሞባይልና የላፕቶፕ ስርቆትን የሚመለከት ፖስተርና በራሪ ወረቀት ማዘጋጀት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ስለ ሞባይል፣ ላፕቶፕ፣ ፓወር ባንክና ስለመሳሰሉት ስርቆት ወረቀት ማሳተም ለምትፈልጉ የተዘጋጀ ነው። የተማሪዎች ክበብ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የሰፈር ወጣቶች፣ ካፌ፣ ሆቴል ወይም የባጃጅ ማኅበር። ዲዛይን ያልተማረ ሰው እንዲገባው ተደርጎ ተጽፏል።

ሁሉም ሰው ቴሌግራም ላይ ባለበት ዘመን ወረቀት ማተም ምን ያደርጋል?

ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ቴሌግራም የለውም። ስልኩ ሲሄድ የእናቱ ቁጥር፣ የባንኩ ቁጥር፣ “አሁን ምን ላድርግ?” ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የዘንድሮ ሰው ከራሱ ቁጥር በቀር የማንንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም። በዚያች ሰዓት የሚያገለግለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወይም ቤት የተቀመጠ ወረቀት ብቻ ነው። ጉግል እንኳ ይህን ያውቃል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) ለሚጠቀም ሰው 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥና “አትመህ አስቀምጥ” ይላል።

ሌላው ጉዳይ ቦታ ነው። ማስጠንቀቂያውን አልጋው ላይ ተጋድሞ ያነበበ ሰው መናኸሪያ ሲደርስ ትዝ አይለውም። ፖስተሩ ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ዓይነት ወረቀት ለዩ። አንዱ ከስርቆቱ በፊት የሚነበብ ነው፤ አጭር፣ ትልቅ፣ ሰው እየሄደ የሚያየው። ሌላው ከስርቆቱ በኋላ የሚነበብ ነው፤ ቁጥርና ቅደም ተከተል ያለው፣ ሰው ቆሞ የሚያነበው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ማጨቅ በየቦታው የማየው ነገር ነው። ውጤቱ ማንም የማያነበው የጽሑፍ ክምር ነው።

“ከሌባ ተጠንቀቁ!” ብለን ብንጽፍ አይበቃም?

አይበቃም። አንዳንዴ እንዲያውም ይጎዳል። ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያደርገው ኪሱን መዳበስ ነው። ጥግ ይዞ የሚያይ ኪስ አውላቂ ካለ፣ ስልኩ የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ነገረው ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር “ተጠንቀቁ” የሚለው ምን እንደሚደረግ አለመናገሩ ነው። ለእጅ ሥራ ስጡት። “ቦርሳዎን ወደ ፊት ያዙሩ” ሥራ ነው። “ዚፑን ዘግተዋል?” ሥራ ነው። “ስልኩን ከጠረጴዛ ላይ ያንሱ” ሥራ ነው። አንድ ፖስተር፣ አንድ ሥራ። ኮሚቴ ሲሰበሰብ “ይቺንም እንጨምራት” የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ ሌላ ፖስተር ሥሩለት።

ለጎንደር ምን ዓይነት መልእክት ይሻላል?

ለጎንደር የሚሆን አንድ መልእክት የለም። ለመናኸሪያ፣ ለቅዳሜ ገበያ፣ ለግቢና ለጥምቀት እየተለየ ነው የሚሠራው።

መናኸሪያ ላይ ሰው ሁለት እጁ ተይዟል። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል፣ ጀርባው ላይ ቦርሳ። ረዳቱ እየጮኸ ወንበር ለመያዝ ሲጋፋ የጀርባ ኪሱን የሚጠብቅለት የለም። እዚህ የሚሠራው መልእክት “ከመሳፈርዎ በፊት ስልክዎን ወደ ደረት ኪስ” ዓይነት ነው። ፖስተሩም ትኬት መቁረጫው ጋ ይለጠፍ። አውቶቡሱ በር ላይ ከሆነ ረፍዷል።

ቅዳሜ ገበያ ሌላ ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣው ሰው ሁሉ ጽሑፍ ላያነብ ይችላል። ብሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትይዝ እናት ግን ስለ ጥንቃቄ ከእኛ ትምህርት አትፈልግም፤ ከሷ ብንማር ይሻላል። ለዚህ ቦታ ሥዕል ብቻ ይበቃል፦ ነጠላው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ብር፣ አጠገቡ በዚያው ጥንቃቄ የተያዘ ስልክ። ቃል ካስፈለገ “ስልክም ብር ነው” በቂ ነው።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ስርቆቱ ግፊያ አይፈልግም። ላፕቶፑን ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ትቶ “መጣሁ” ብሎ የወጣ፣ ስልኩን ዶርም ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሻወር የገባ፣ መብራት ሲመጣ የካፌ ሶኬት ላይ ጥሎ ወሬ የያዘ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተበታተኑ ናቸው፤ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል። ስለዚህ “ግቢ” ብላችሁ አንድ ፖስተር አትበትኑ። ቤተ መጻሕፍት ላለው ጠረጴዛ፣ ዶርም ላለው ሶኬት ይሁን። ከሶኬቱ በላይ የምትለጠፍ የእጅ መዳፍ የምታክል ስቲከር፣ “አጠገቡ ማን አለ?” የምትል፣ ከትልቅ ባነር የበለጠ ትሠራለች ብዬ አምናለሁ። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ናትና።

ለጥምቀትስ?

ጥምቀት ለብቻው ሊታይ ይገባል። ጥር 10 ከተራ ሲሆን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። መንገዱ ሰው በሰው ነው። ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲባረክ ወጣቶቹ ወደ ውሃው ይዘላሉ። በዚያ ሰዓት እጅ ሁሉ ወደ ላይ ነው፤ ሰው በሙሉ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው። አብዛኛው የሐበሻ ቀሚስ ኪስ የለውም። ሊዘል ያለው ልጅ ደግሞ ልብሱንም ስልኩንም አጠገቡ ለቆመ ሰው አስረክቦ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ከትእዛዝ የበለጠ ይሠራል፦ “ከመዝለልህ በፊት ስልክህን ለማን ሰጠህ?” ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ በባነር ቢሰቀል ጥሩ ነው። በራሪ ወረቀት ግን አታድሉ። ነጭ ለብሶ፣ ጧፍና ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ወረቀት መያዣ እጅ የለውም። መሬት ይወድቅና ይረገጣል፤ ለበዓሉም አይመጥንም። ወጣቶች ለበዓሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሠራሉ አይደል? ጀርባው ላይ አንድ መስመር አሳትሙ። ከኋላ ያለው ሰው በግፊያው ውስጥ የሚያየው ሌላ ነገር የለም።

ሥራውን ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሩ። ከልደት በኋላ ማተሚያ ቤት ወረፋ ነው። ከጥር 11 በኋላ የደረሰ ባነር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ገንዘባችን ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ምን እናሳትም?

የመለያ ቁጥር ካርድ። ያለ ማመንታት።

እያንዳንዱ ሞባይል አይኤምኢአይ የሚባል ባለ 15 አኃዝ መለያ አለው። *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት መለያ አለው። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ “ጥቁር ሳምሰንግ ነው፣ ጥግ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል” ማለት ብዙም አይረዳም። ጥቁር ሳምሰንግ የሌለው ማን አለ? ስልኩ ቢገኝ እንኳ የእሱ መሆኑን የሚያሳየው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ደግሞ ስልኩ ሳለ እንጂ ከሄደ በኋላ *#06# ብሎ ማወቅ አይቻልም። የስልኩ ካርቶን ላይ ተጽፏል፤ ግን ካርቶኑን ያስቀመጠ ሰው ስንት ነው? አሮጌ የገዛውማ ካርቶን አይቶም አያውቅ።

ካርዱ 9 በ5.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በአንድ ኤ4 ወረቀት 10 ይወጣል። ፊቱ ላይ ትልቅ አድርጋችሁ “*#06# ይደውሉ፤ ቁጥሩን እዚህ ይጻፉ” በሉ። ከሥሩ 15 ሣጥኖች ያሉት ረድፍ፤ ለባለ ሁለት ሲም ስልክ እንዲሆን ሁለት ረድፍ አድርጉ። ሣጥኖቹ አስፈላጊ ናቸው። ባዶ መስመር ብቻ ከሆነ ሰው አንድ አኃዝ ዘሎም አይታወቀውም፤ ሣጥን ሲጎድል ግን ይታያል። ለላፕቶፕ አንድ መስመር ጨምሩ፤ የብዙዎቹ መለያ ቁጥር ከሆዱ ሥር ተለጥፏል። ጀርባው ላይ ከስርቆት በኋላ የሚደወልባቸው ቁጥሮች ይሁኑ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የይለፍ ቃል ወይም ፒን መጻፊያ ቦታ ፈጽሞ አታድርጉ። ክፍት ቦታ ካለ ሰው ይሞላዋል። ሁለተኛ፣ “ቤት ያስቀምጡ” የሚለው በጉልህ ይጻፍ። ካርዱን የስልኩ ከቨር ውስጥ የሚከት ሰው ሞልቷል፤ እንግዲህ ሌባው ካርዱንም ይዞት ሄደ። ሦስተኛው የማተሚያ ቤት ጉዳይ ነው። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም፤ ቢጽፍም ጣት ሲነካው ይጠፋል። ማተሚያ ቤቱ “ላሚኔት ላድርግላችሁ?” ሲል እንዳትስማሙ። የማያብለጨልጭ፣ ውፍረቱ 200 ግራም ገደማ የሆነ ወረቀት ጠይቁ። ያም ከሌለ በተራ ፎቶ ኮፒ ወረቀት አባዝታችሁ በመቀስ መቁረጥ ያስኬዳል።

ሲታደልም ዝም ብሎ አይታደል። “አሁን እዚሁ እንሙላው” በሉ። ባዶ ካርድ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው አይሞላውም።

የትኛውን የአማርኛ ፊደል (ፎንት) እንጠቀም? መጠኑስ?

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለፖስተር ጥሩ ነው፤ ቀጭንና ወፍራም አለው፤ ነጻ ነው። አቢሲኒካ ለረዥም ጽሑፍ ያምራል። የቆዩትን፣ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ያልሆኑ ፊደሎች የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሲከፈት ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደል ድርድር ሊቀየር ይችላል። መፍትሔው ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሮ በፒዲኤፍ መላክ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ።

ስለ መጠን፦ የፊደላችን ልዩነት ትንንሽ ጭራና ቀለበት ላይ ነው። “ሌ” እና “ሊ” የሚለዩት በጥቂት ነጥብ ቀለም ነው። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ በ9 ነጥብ (ፖይንት፣ የፊደል መጠን መለኪያ) የሚነበበው በአማርኛ የሚጨፈገገው። በእጅ ለሚያዝ ወረቀት ከ11 ወይም 12 አትውረዱ። ግድግዳ ላይ፣ ከ3 ሜትር ርቀት በቀላሉ እንዲነበብ ለተፈለገ ርእስ፣ የፊደሉ ቁመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውምና ማጉላት የሚቻለው በውፍረት፣ በመጠንና በባዶ ቦታ ነው። ጥላና ባለ ቀለም ጠርዝ የሠርግ ካርድ ላይ ይቅር።

“ያዝ”፣ “ያዢ” ወይስ “ይያዙ”?

ለመናኸሪያና ለገበያ “ይያዙ”። ታላቅን “አንተ” የሚል ፖስተር ከመነበቡ በፊት ይጠላል። ግቢ ውስጥ “ያዙ” ቢባል ወንድንም ሴትንም ይይዛል፤ አጭርም ነው። የጥምቀቱን “ለማን ሰጠህ?” የተጠቀምኩት የሚዘሉት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ስለሆኑ ነው። “ያዝ/ያዢ/ይያዙ” እያሉ ዝባዝንኬ ማብዛት ግን ፖስተር ላይ አያምርም።

ሥዕሉ ላይ ሌባውን እናሳየው?

አታሳዩት። ሌባ ሲሣል ሁልጊዜ የተቀደደ ልብስ የለበሰ ልጅ ነው የሚሣለው፤ ወይ ሊስትሮ፣ ወይ የጎዳና ልጅ። ይህ በደል ነው። ስህተትም ነው፤ ደህና ለብሶ፣ ይቅርታ ብሎ ተጠግቶ ላፍ አድርጎ የሚሄደውን ማን ይጠረጥረዋል? ከኢንተርኔት የሚወርደው ጥቁር ኮፍያ የደፋ ፈረንጅ ደግሞ ፒያሳ ላይ ታይቶ አያውቅም።

እጅን አሳዩ። ዕቃን አሳዩ። ግማሽ የተከፈተ ዚፕ፣ በውስጡ የሚታይ የስልክ ጥግ። የባጃጅ ክፍት ጎን፣ ወደ ውጭ የወጣ ስልክ የያዘ እጅ። እንዲህ ያለውን ራሳችሁ በስልካችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ፊቱ የሚታይ ሰው ካለ ፈቃዱን ጠይቁት፤ ፖስተር ላይ እንደሚወጣም በግልጽ ንገሩት።

የተጠርጣሪ ፎቶ ማተም ይቻላል?

አታድርጉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ያልተከሰሰውማ ጭራሽ። የሲሲቲቪ ምስል ካላችሁ ለፖሊስ ስጡ።

ኪውአር ኮድ ብናደርግበትስ?

ካፌ ጠረጴዛ ላይ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ቤት የሚቀመጥ ካርድ ላይ ጥሩ ነው፤ ከ2 በ2 ሳንቲ ሜትር አይነስ። መናኸሪያና ገበያ ላይ ግን “ስልካችሁን ጠብቁ” ብሎ ስልክ የሚያስወጣ ፖስተር ነው የሚሆነው። ሌባው ያመሰግናችኋል።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችን በፊት ምን እናዘጋጅ?

ፋይሉ በመጨረሻው መጠን ይሠራ፤ ፎቶዎቹ 300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ)፣ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ (ለኅትመት የሚሆነው የቀለም አሠራር)። በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ መቁረጫው ሲስት ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ ነው። ስክሪን ላይ ያያችሁት ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ እንደሚል አስቀድማችሁ እወቁ።

ጥቂት ከሆነ ዲጂታል (ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚታተም)፣ ብዙ ከሆነ ኦፍሴት (መጀመሪያ ፕሌት የሚባል ማተሚያ ሰሌዳ የሚሠራለት) ይረክሳል፤ የኦፍሴት ፕሌት ዋጋ በብዛት ሲካፈል ነው የሚያዋጣው። ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ። ሌላ ምክር ልጨምር፦ ዲዛይኑን መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ሠርታችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። እዚያ ላይ ከተነበበ የትም ይነበባል። የወደዱት ሰዎች ያለ እናንተ ፈቃድ የሚያባዙትም እንደዚያው ነው፤ ደግ አደረጉ።

ስልክ ቁጥሮቹን በሙሉ ከማተማችሁ በፊት ደውላችሁ ሞክሩ። የማይሠራ የፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ያለበት ፖስተር ባይኖር ይሻላል።

የት መለጠፍ ይፈቀዳል? ዝናቡስ?

የግል ግድግዳ ከሆነ ባለቤቱን፣ የመንግሥት ቦታ ከሆነ ቀበሌውን ወይም ከተማ አስተዳደሩን፣ ባጃጅ ከሆነ ባለንብረቱን ጠይቁ። የፋሲል ግቢ ግንብ ላይ ምንም ነገር አይለጠፍም። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ባይመዘገብም አይለጠፍበትም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ ሰበካ ጉባኤውን አነጋግሩ።

ለባጃጅ የሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተመራጭ ነው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ያየዋል። “የጎን ቁጥሩን አይተዋል?” የሚል መስመር ይጨመርበት። ረስቶ የወረደ ሰውም ይጠቀምበታል።

ክረምት ላይ በኢንክጄት የታተመ ወረቀት ውጭ ከዋለ ቀለሙ ይወርዳል። ለውጭ ባነር ወይም ላሚኔት የተደረገ ይሁን። በጋ ላይ ደግሞ ፀሐይ ቀዩንና ቢጫውን ቀድማ ትበላዋለች። ዋናውን ቃል በቀይ የጻፈ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ርእስ የሌለው ፖስተር ነው የሚቀረው። ዋናው ቃል በጥቁር ይሁን።

አሮጌ ስልክ ለሚገዛ ሰውስ መልእክት ያስፈልጋል?

በጣም። ገዢ ከሌለ የሚሰርቅ ይቀንሳል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 ተቀምጧል። ፖስተር ላይ ግን አንቀጽ አትደርድሩ። “ካርቶኑ የታለ? *#06# ይደውሉና ያመሳክሩ” በሉ። ሞባይል ጥገና ቤቶች በር ላይ ይለጠፍ። በሐቅ የሚሠሩት ራሳቸው ይፈልጉታል፤ ፖስተሩን አልፈልግም ያለውን ደግሞ ደንበኛው ያየዋል።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

“ይህን ያህል ፖስተር ለጠፍን” ሪፖርት ነው፤ ውጤት አይደለም። ከመታተሙ በፊት ናሙናውን አንድ ባጃጅ ሾፌርና አንዲት ሻይ ሻጭ ፊት ለአፍታ አሳዩና እጠፉት። “ምን አድርጉ አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። “ስለ ሌባ ነው” ካሉ አልሠራም። “ቦርሳ ወደ ፊት አዙሩ አለ” ካሉ አሳትሙት። ከወራት በኋላ ደግሞ በየዶርሙ ዞራችሁ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን ጽፎ ያስቀመጠ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

እኔ ፖስተር ልሠራ አይደለም የመጣሁት። ስልኬ አሁን ተሰርቆ በጓደኛዬ ስልክ ነው የማነበው።

በዚያው በጓደኛህ ስልክ ቀጥል፤ የደረሰብሽ አንቺም ከሆንሽ እንደዚሁ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት ይቅደም። ቴሌብርና የሞባይል ባንክ በዚያ ቁጥር ላይ ስላሉ ነው የሚቀድመው። ቀጥሎ ባንኩ። ከዚያ በጉግል ወይም በአፕል የጠፋ ስልክ መፈለጊያ ገብቶ ስልኩን መቆለፍ። ካርታው ላይ ያለበት ቦታ ቢታይ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ለፖሊስ አሳዩት። በጓደኛህ ስልክ ላይ የከፈትከውን አካውንት ዘግተህ መውጣትህን አትርሳ። የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ካርቶን ወይም ደረሰኝ ቤት ካለ ይዞ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ።